ጂጂ መራመድ የለባትም

ማክሰኞና አርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሃዊን ማናገር አይቻልም። በእነዚያ ቀናት «የባቱ ሙሽራ» የተባለው ልቦለድ ቀጣይ ክፍል በቴሌግራም ይለቀቃል። አንብባ ስትጨርስ ንዴቷ እስኪበርድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስፈልጋታል።

ጸሐፊው ራሱን «ብዕረ ቦሰት» ብሎ ይጠራል፤ ማንነቱን የሚያውቅ የለም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጂጂ እንደ ሃዊ በዊልቸር የምትሄድ ልጅ ናት። ቆንጆና ተረበኛ ናት፤ የሚወዳት መሐንዲስም አላት። ሃዊ በሃያ ስድስት ዓመቷ እንዲህ ያለች ልጅ የምትፈቀርበት ልቦለድ ሲገጥማት የመጀመሪያዋ ነበር። ሌሎቹ ላይ ዊልቸር ላይ ያለች ሴት ወይ ትሞታለች ወይ የእህቷን ሰርግ ቁጭ ብላ ታያለች።

ግን ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ጂጂን አላስቀምጥ አለ። በየክፍሉ ሐኪም ያመጣባታል፣ ያስጸልይላታል፣ በሕልሟ ያስሮጣታል። ሃዊም «ባለጎማዋ» በሚል ስም አስተያየት መስጫው ላይ ትወርድበታለች።

«አንተ ሰው፣ ጂጂ መራመድ የለባትም! ካልቆመች አትወደድም ያለህ ማነው?»

«እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ» ብሎ ይመልስላታል። «ጂጂ ትነሣለች።»

ትሕትናው ይበልጥ ያበግናታል።

ክፍል ሃምሳ ላይ ንዴቷ ጥርጣሬ ተጨመረበት። የጂጂ ዊልቸር ወደ ግራ ይጎትታል ይላል። ቁልቁለት ስትወርድ ከንፈሯን ትነክሳለች ይላል። የሃዊም ዊልቸር ወደ ግራ ይጎትታል፤ ከንፈሯንም ትነክሳለች። ሰውየው ያውቃታል ማለት ነው።

ወዲያው ያደታ ትዝ አላት። ያደታ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ብየዳ ቤት አለው፤ ዊልቸሯ በተሰበረ ቁጥር የሚጠግነው እሱ ነው። ባይሰበርም «ብሎኑን ልየው» እያለ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን ሲያይ ከርሞ ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹን የተቀበሉት አባቷ አቶ መርዳሳ ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አቶ መርዳሳ መልካሳ የምርምር ጣቢያ የቦሎቄ ማሳ መዝጋቢ ናቸው፤ ማታ በሰርቪስ ይመለሳሉ። ልጅ ሳለች በየጉባኤው ተሸክመው ለጸሎት ወደ መድረክ ያወጧት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት «አባዬ፣ በቃኝ» አለቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ስለ እግሯ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ለሽማግሌዎቹም «ልጄን ልጠይቅ፤ ለመልሱ በሳምንቱ ተመለሱ» አሏቸው።

ሃዊ ጭንቀቷን ፎቶ ኮፒ ቤት አብራት ለምትሠራው ለሚልካ ነገረቻት።

«ያደታ?» ሚልካ ሳቀች። «ያደታ እኮ ‹ሰላም ነው› ብሎ ሲጽፍ እንኳ ሁለት ፊደል ይገድፋል። ይሄኛው ‹ውድ አንባብያን ሆይ› ነው የሚለው።»

«አስመስሎ ነዋ! አባዬ አቦምሳ ለቅሶ ሄዶ ብቻዬን የከረምኩበት ሳምንት ትዝ ይልሻል? ያደታም ለሥራ አዳሚ ቱሉ ነበር። ያን ሳምንት ልቦለዱ አልወጣም።»

«ጠይቂዋ ታዲያ!»

ጠየቀችው። ወሬ አስመስላ «ልቦለድ ትወዳለህ?» አለችው። ያደታ ፊቱ ቀላ። «አንቺ የምትወጂውን ሁሉ እወዳለሁ» አለና ወደ ብሎኑ አጎነበሰ። ለሃዊ ይህ «ጸሐፊው እኔ ነኝ» እንደማለት ነበር።

ስለዚህ ቆረጠች። የመጨረሻው ክፍል አርብ ይወጣል። ጂጂ ዊልቸሯ ላይ ሆና ካገባች፣ ያደታ እሷን እንዳለች ይፈልጋታል ማለት ነው፤ እሺ ትላለች። ከተራመደች ግን ሰውየው የሚወደው ሌላ ሴት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልበላ አላት። «እባክህ አታስነሣት» እያለች ለብቻዋ ትለምነው ነበር።

አርብ ጂጂ ተራመደች። ያውም በሰርጓ ቀን፣ ሐይቁ ዳር፣ በቬሎ። ሚዜዎቹም ዊልቸሯን አንሥተው በእልልታ ውኃው ውስጥ ወረወሩት።

ሃዊ አለቀሰች። ጂጂን አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመ ዊልቸር ነው፤ ምን በደለ?

እሑድ ጠዋት አባቷን «እምቢ በላቸው» አለቻቸው።

አቶ መርዳሳ ደነገጡ። «ምን አጠፋ? ልጁ እኮ ይወድሻል።»

«የሚወደው የምትራመደዋን ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። በቃ እምቢ በላቸው።»

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አቶ መርዳሳ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ አልፈቀደችም» አሉ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ አብተው ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «ልጁ በር ላይ እየጠበቀን ነው። ምን ብለን እንንገረው?» አሉ። አቶ መርዳሳ ሊሸኟቸው አብረው ወጡ። ሃዊ በመስኮት ስታይ ያደታ ሽማግሌዎቹን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ወደ ቤቱ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ሳይል መንገዱን ጀመረ። ልቧ ተሰበረ።

ስልኳን አወጣች። ጻፈች፦ «ብዕረ ቦሰት ሆይ፣ ደስ ይበልህ። ሽማግሌዎችህን መልሻቸዋለሁ። ዊልቸሬን ሐይቅ ውስጥ የሚጥል ባል አልፈልግም።» «ባለጎማዋ» መባልም ሰለቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሃዊ መርዳሳ» ብላ ፈረመችና ላከችው።

አቶ መርዳሳ ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ተመለሱና ከፊት ለፊቷ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ስልካቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ደግመውም አነበቡ።

«ሃዊ ኮ፣ ሃዊዬ» አሉ ከመነጽራቸው በላይ እያዩዋት፣ «ስድስት ወር ሙሉ ስትሰድቢኝ የከረምሽው አንቺ ነሽ?»