የታንከሩ ክዳን

ፖስተኛው ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ጋራዤ ገባ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አንጀቴን አሳረረው! ሰባት ደቂቃ ይሄድና ቀጥ ይላል» አለኝ።

ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ካርቡሬተሩን አጠብኩ። አስነሳሁት፤ በሰባተኛው ደቂቃ ጠፋ። የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ስከፍት «ስስስ» ብሎ አየር ሳበ፤ ሳቄ መጣ። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ተደፍናለች፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚን አይወርድም። በመርፌ መጥረግ ሲገባኝ እንደ ልማዴ አፌን ገጥሜ እፍ አልኩባትና ክዳኑን ዘጋሁት።

ሞተሩ ተነሳ። ፖስተኛው ጀርባውን ሰጥቶኝ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ደቂቃ ይቆጥራል።

«ሰባት! አልጠፋም!» ሲል ትንፋሼ ቀጥ አለ። አፌን ብከፍት፣ ደረቴን ብደልቅ፣ አየር አልገባ አለኝ። ድምፅም የለኝም።

ፖስተኛው ቤንዚኑን ለማየት ክዳኑን ከፈተ። «ስስስ» አለ፤ አየሩ ግን የገባው እኔ ደረት ውስጥ ነው።

«እጅህ ይባረክ ጋሼ! ዛሬ እስኪመሽ አላቆመውም» አለና ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«ቆይ!» ብዬ ስጮህ ከበሩ ወጥቷል። የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ፣ ዐይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ቀረ።