ውጭ የሚጠብቀኝ ወንድሜ

«ይሳሉ! ጠንከር አድርገው ይሳሉ!»

እንዴት ልሳል? ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ተሰክቷል። ልውጠው ስል ያንቀኛል፤ ልትፋው ስል ይቧጥጠኛል። መንጭቄ ላወጣው እጄን ስሰድ አንድ ሰው ቀድሞ ያዘኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ግድግዳ ውስጥ ቱቦ ስከት የኖርኩ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ግድግዳው ምን እንደሚሰማው ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

«አይንዎን ይግለጡ፣ ጋሼ። ጣቴን ይጨብጡ። ጎሽ! አሁን ላወጣው ነው» አለ ጠዋት ያስተኛኝ የማደንዘዣ ባለሙያ።

ሳልኩ። ቱቦው እየተሳበ ሲወጣ አንጀቴ ተከትሎት የሚመጣ መሰለኝ። ከወጣ በኋላም ሳሉ አልለቀቀኝም። በሳልኩ ቁጥር ሐሞቴን ያወጡበት ስፌት ይጠዘጥዘኛል። እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ፤ ለማፈር እንኳ ፋታ አላገኘሁም።

«አለቀ፣ አለቀ። በሰላም ተጠናቋል» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ሌላው አልጋ ሄደ። ነርሷ የኦክስጅን ጭምብል አፌ ላይ አደረገችልኝ።

ትንፋሼ ሲመለስ ውሸቴም አብሮ ተመለሰ።

እዚህ ሆስፒታል ውጭ የሚጠብቀው ሰው የሌለው በሽተኛ ኦፕራሲዮን አይደረግም። ደንብ ነው። ሁለት ጊዜ መልሰውኛል። «ጎረቤት እንኳን የለዎትም?» አሉኝ። ጎረቤትማ ሞልቷል፤ ቧንቧ ሲፈስ ስልኬን የማያውቅ የለም። ግን «ና፣ ስታመም ደጅ ላይ ጠብቀኝ» የምለው ሰው ባስብ ባስብ አጣሁ። በሦስተኛው «ወንድሜ ውጭ ነው፤ መኪና እያቆመ ነው» አልኳቸው። መዋሸቴ ላይቀር ብዬ መኪናም ጨመርኩለት። ወንድም የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

አሁን ቢነቃብኝስ? ቢቆጡኝ ግድ የለኝም፤ ሐሞቴን አንዴ አውጥተውታል፣ መልሰው አይከቱት። የፈራሁት ይቺ ልጅ እግር ነርስ «ምስኪን፣ ሰው የለውም» በሚል አይን እንዳታየኝ ነው። ያንን አይን አውቀዋለሁ።

ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ጎረምሳም ነቅቶ ያስላል። እናቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ነቃ? ልጄ ነቃ?» ትላለች። ከኋላዋ ዘመድ አዝማዱ ይንሾካሾካል።

«ነቅቷል፣ እናቴ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ምሳ ነው» አለቻት ነርሷ። በሩ ላይ ሳቅ ሆነ። እኔም ልስቅ ስል ሳል ቀደመኝ።

ነርሷ ክፍሉ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛዋ ተመልሳ ፋይሌን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ወንድምዎ በር ላይ የሉም። ሁለት ጊዜ ተጣራሁ።»

«ይ... ይመጣል» አልኩ። የወጣው ድምፅ የኔ አይመስልም፤ የዛገ ነገር ሲፋቅ ነው።

«አይናገሩ፣ ጉሮሮዎን ይጎዳዎታል። ቁጥራቸው እዚህ አለ፣ እደውልላቸዋለሁ። ነቅተዋል ብለን ለአስታማሚ በድምፅ ካልነገርን ፋይሉን መዝጋት አንችልም።»

ተይ ልላት እጄን አነሳሁ። «ውሃ ገና ነው፣ ጋሼ። ትንሽ ይታገሱ» አለችኝና ደወለች።

ስልኬ ከአልጋዬ ሥር ጮኸ።

ጠዋት የወንድምዎን ቁጥር ሲሉኝ በቃሌ የማውቀው የራሴን ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሰጠኋቸው። የሌላ ሰው ቁጥር በቃሌ የምይዘው ማን ጋ ደውዬ! ዕቃዬን የሚረከብልኝ ስለጠፋም ልብሴንና ስልኬን በፌስታል ቋጥረው እዚያው ሥሬ አኑረውታል። ፌስታሉ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ፣ ጮኸ። ነርሷ ስልኳን ከጆሮዋ አወረደች። ወደ አልጋዬ ሥር አየች። ዘጋችው፤ የኔም ዝም አለ።

አይኔን ጨፈንኩ። እንደገና ቢያስተኙኝ በወደድኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ስዋሽ ተያዝኩ፤ ከዚያም የባሰው፣ ብቻዬን መሆኔ በዚያ ሁሉ ጩኸት ታወጀ።

እርምጃዋ ቀረበ። ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ተቀመጠ፤ ስልኬ ነው። ጭምብሉን ከአፌ ትንሽ ዝቅ አድርጋልኝ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና እስክሪብቶዋን ያዘች።

ስልኬ እጄ ውስጥ እንደገና ጮኸ። አነሳሁት።

«ጤና ይስጥልኝ። ከማገገሚያ ክፍል ነው የምደውለው» አለች። ድምፅዋ ከጥጉም ከስልኩም ይመጣል። «የታማሚው ወንድም ነዎት?»

ሳሉ ያዘኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ነኝ» አልኩ።

«ወንድምዎ በሰላም ነቅተዋል። ቱቦውም ወጥቷል። አንድ ሁለት ቀን ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል፣ አይደንግጡ። ሲስሉ ሆዳቸውን በትራስ ደገፍ ያድርጉላቸው።»

«አለቀሰ እንዴ?»

«ትንሽ። ሁሉም ያለቅሳሉ።»

ከመጋረጃው ወዲያ እናትየዋ ገብታ ልጇን ቀስ ብላ ትቆጣለች።

«ሲስተር» አልኩ በመጨረሻ፣ «እዚሁ ነኝ በይው። የትም አልሄድኩም።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ ከወንበሯ ተነሳችና ልትነግረኝ መጣች።