አውኝ የገባው ላፕቶፕ

በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከእንጅባራ ወጣ ባለች አንዲት ሰፈር፣ ጡረተኛው መምህር አቶ ደጉ ላፕቶፕ ፈሩ። ፍርሃታቸው በቂ ምክንያት ነበረው።

ላፕቶፑን የላከላቸው ባሕር ዳር የሚሠራው ልጃቸው ነው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ። አቶ ደጉ ስለ ቴክኖሎጂ ጠንካራ አስተያየት አላቸው። «መጽሐፍን አንተ ታነበዋለህ፤ ይኸ ግን አንተን ያነብሃል» ይላሉ። ይህን ያሉት ገና ምንም ሳይደርስባቸው ነው።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ለከሰል የሚያለማው የዲከረንስ ዛፍ ማሳ ለአንድ ባለሀብት ሊሰጥ ነው ተባለ። ስድሳ አባወራ ማሳውን ላለመነጠቅ አቤቱታ ፈርሞ ለክልሉ ሊያደርስ ተማከረ። ወረቀቱ አቶ ደጉ እጅ ነው። ጊዜው ሰው ሲያስል እንኳ ድምፁን የሚቀንስበት ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አቶ ደጉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ያለምወርቅ «የምንሰበሰበው እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘውድነሽ ቤት ነው» አሏቸው። እሁድ ሲሄዱ የቀበሌው ሊቀመንበር መሳፍንት ቀድሟቸው የዘውድነሽን ጠላ እየጠጣ አገኙት።

«ዘገያችሁ» አላቸው።

አቶ ደጉ ለማንም አልተነፈሱም። ሚስታቸውም ምለው ተገዘቱ። የቀረው ላፕቶፑ ነው።

ተከራያቸውን ናርዶስን አማከሯት። ናርዶስ ከደብረ ማርቆስ የመጣች፣ ገበያው አጠገብ በሜሞሪ ዘፈን የምትጭን ልጅ ናት፤ የሰፈሩ የቴክኖሎጂ ሊቅ ናት ማለት ይቻላል።

«ጠፍቶም ይሰማል ጋሽ ደጉ» አለቻቸው። «እቺ ነጥብ ደግሞ ዓይኑ ናት።»

ዓይኑ ላይ ፕላስተር ተለጠፈ። ላፕቶፑ በጋቢ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ገባ። ወሬው ግን መውጣቱን አልተወም። ባልና ሚስቱ ቢቸግራቸው ምስጢር ሲኖራቸው ዲከረንሱ ውስጥ ገብተው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ያወሩ ጀመር። እዚያ ያወሩት ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ አልወጣም። ላፕቶፑ ዲከረንስ ውስጥ እንደማይገባ የታወቀ ስለሆነ ጥርጣሬያቸው ጸና።

ወይዘሮ ያለምወርቅ ሳል ያዛቸው። ናርዶስ አዘነች።

«እትዬ፣ በዚህ ብርድ ለምን ትሞታላችሁ? ቤታችሁ ተቀምጣችሁ በአገራችሁ ቋንቋ፣ በአውኝ አውሩ። ማሽን አውኝ ከየት ያውቃል?»

«አንቺንም ስናማሽ ሳትሰሚ ልትኖሪ ነው» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«ካማችሁኝ አይቀር በደንብ አርጋችሁ እሙኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ በአውኝ ብቻ ሆነ። በአማርኛ የሚነገረው ለናርዶስ «ብይ፣ ጠጪ» ማለቱ ብቻ ነው። ቅር አላላትም። እንዲያውም ጨው ባለቀ ቀን ሳይነግሯት ገዝታ የምትገባ፣ ልብ የምታውቅ ልጅ ናት።

አቶ ደጉ ወረቀቱን ጓሮ ካሉት ሰባት ቀፎዎች ከሦስተኛው ክዳን ሥር ሸሸጉትና ለሚስታቸው በአውኝ ነገሯቸው። በማግስቱ መሳፍንት ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አልጠየቁም፣ አልፈተሹም። በቀጥታ ሦስተኛው ቀፎ ጋ ሄዱ። ንቡ አንደኛውን ሰውዬ ከንፈሩን ነደፈው፤ ወረቀቱን ግን አላስጣለም።

«ፊርማ ያሰባሰበው ዓለምነው ጣቢያ ገብቷል» አለ መሳፍንት ሲወጣ። «እርስዎን ዕድሜዎን አይተን ትተነዎታል። ሁለተኛ ከተሞከረ ግን ዕድሜም አያስጥል።»

አቶ ደጉ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«አውኝ ገብቶታል» አሉ። «በሦስት ሳምንት። እኔ እንግሊዝኛ ስማር አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«ችለኸዋል እንዴ?» አሉ ሚስታቸው።

ላፕቶፑን ይዘው ከተማ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ ሽመክት ዘንድ ሄዱ። ሽመክት ፈታው፣ ገጠመው።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ አማርኛ እንኳ አስተካክሎ አይጽፍም። ማን አውኝ አስተማረው?»

አቶ ደጉ አልተጽናኑም። «የሚያስፈራውስ አላዋቂ መስሎ የሚቀመጠው ነው» ብለው ይዘውት ተመለሱ። በዚያ ቀን እህል አልቀመሱም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ጫማቸውን ያደርጋሉ፤ ለመታሰር በባዶ እግር መሄድ አልፈለጉም።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ከድንጋይ ጋር ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተው፣ ባጃጅ ተኮናትረው ወደ ዘንገና ሐይቅ ወረዱ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?» አለ ባለባጃጁ።

«ጆሮ» አሉ አቶ ደጉ።

ከዳር ሆነው ወረወሩት። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«አሁንም እያወራ ነው» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። አረፋው እስኪጠፋ ቆመው ጠበቁ።

ቤት ሲደርሱ ናርዶስ ደጃፉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። የሆነውን በአማርኛ ነገሯት። «እንኳን ተገላገላችሁ» አለቻቸው።

አቶ ደጉ ከስንት ሳምንት በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ምስጢሩን ለሚስታቸው በአውኝ ነገሯቸው። ዓለምነው ከመያዙ በፊት ሁለተኛ ወረቀት አስፈርሞ ነበር። ይህን ሐሙስ የዘውድነሽ ልጅ ሀይማኖት ድፎ ዳቦ ሥር አድርጋ ባሕር ዳር ትወስደዋለች። ከእንጅባራ መናኸሪያ አትነሣም፤ ዳንግላ ድረስ በሰው የቤት መኪና ሄዳ ከዚያ ሚኒባስ ትይዛለች። ወይዘሮ ያለምወርቅ እፎይ ብለው ሳቁ። ሳቅ ይጋባልና ናርዶስም ሳቀች። ሽንኩርቷን ጨርሳ እጇን ታጠበች።

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ጋሽ መሳፍንት፣ ሐሙስ ነው፤ በዳንግላ በኩል» አለች፣ ጥርት ባለ አውኝ።