ከቱቦው የተቀዳው ደም

«መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ በዝቷል» አለ ዶክተሩ፣ ከላቦራቶሪ የመጣውን ወረቀት እያየ። «እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊቷን ይጎዳዋል። መጠኑን መቀነስ አለብን።»

እናትየው ተመስገን ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። መዳፏ ስር ያለው የልጇ ግንባር እሳት ነው።

«በዝቶ ነው እንዲህ የምትነደው?»

«እሱ ነው ለእኔም ያልገባኝ፣ እናቴ። መድኃኒቱ ይህን ያህል ካለ ትኩሳቱ መብረድ ነበረበት።» ወደ ነርሷ ዞረ። «ሲስተር፣ ደሙ ከየት ነው የተቀዳው?»

ነርሷ የመድኃኒት ጋሪዋን ጎማ ማየት ጀመረች።

ጠዋት ደም ልትቀዳ መርፌዋን ይዛ ስትመጣ እናትየው አልጋው ፊት እንደ ግንብ ተገትራ ነበር የጠበቀቻት። የልጅቷ ክንድ ከላይ እስከ ታች በልዟል፤ ደም ሥሯ መርፌ ሲያይ ይሸሻል። «መድኃኒቱ እጇ ላይ በተሰካው በዚህ ቱቦ ይገባ የለ? ደሙም በዚሁ ይውጣ! የወለድኩት ሰው እንጂ ወንፊት አይደለም» ብላ ድርቅ አለች። «እትዬ፣ በእሱ አይሆንም» ብትባል ወይ ፍንክች። ልጅቷ እንኳ በዚያ ድካሟ፣ «ተዪው ሲስተር፣ እናቴ ሞት ራሱ ቢመጣ ወረፋ ያዝ ነው የምትለው» ብላ አሳቀቻቸው። ነርሷ እየሳቀች ተሸነፈች።

አሁን እናትየው ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ብትል ልጅቷ ዛሬ አትወጋም፤ ነርሷም ጣጣ ውስጥ አትገባም። ግንባሩ ግን መዳፏን ይፈጃል።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሷን አይናገሯት። አላስወጋም ብዬ ከቱቦው ያስቀዳሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አጠፈው። «እንግዲያው የተለካው ቱቦው ውስጥ የቀረው መድኃኒት ነዋ! ደሟ ውስጥ ያለውማ እንዲያውም አንሷት ይሆናል። ቀንሰንባት ቢሆን ኖሮ…» ቀሪውን ዋጠው። «ቀጣዩ መድኃኒት ሳይገባላት ከሌላኛው እጇ ይቀዳ።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ፣ «አልችልም። ከልክያቸው።»

መርፌው ገባ፤ ደም የለም። ወጣ፤ ደግሞ ገባ። ልጅቷ እጇን መነጨቀች። ነርሷ ቀና ብላ እናትየውን አየቻት። እናትየው እጅጌዋን ሰበሰበችና አልጋው ጥግ ተንበርክካ የልጇን ክንድ በሁለት እጇ፣ ባላት ክብደት ሁሉ ተጫነችው።

«ውጊ» አለች።

«አንቺም?» አለች ልጅቷ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናትየው እንድትሰድባት ጠበቀች፤ ወይ እንድትጮህባት፣ ወይ እንድትታገላት። ጠቆር ያለው ደም ብልቃጡ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ሲል መዳፏ ስር ያለው ክንድ ዝም ብሎ ተጋድሟል።