ከኮሶዬ የወጣው ጥቁር አሸዋ

አድማሴን ያንገበገበው መሬቱን ማጣቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ክንዱ ማግኘቱ ነበር። ሁለቱ ኮሶዬ ላይ ባለች አንዲት ሸንተረር ዘጠኝ ዓመት ተካሰሱ። ባለፈው ክረምት ለክንዱ ተፈረደ። አድማሴ ለወጉ ያህል ይግባኝ አለ እንጂ ተስፋውን ቆርጦ ስለነበር፣ ጎንደር ለመጨረሻው ቀጠሮ እንኳ አልሄደም።

ሌላ መላ ነበረው። ነዳጅ የተገኘበት መሬት ለመንግሥት እንደሚሆን ሰምቷል። ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ጥሎት የሄደ አንድ በርሜል ሬንጅ ደግሞ ከበረቱ ጀርባ ተቀምጧል።

አሸዋውን ከወንዝ ዝቆ አመጣ።

«ምነው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ? ጥቂት ቢደርቅስ?» አለች ሚስቱ ሽታዬ።

«እስኪደርቅማ ክንዱ ዘርቶ ይበላበታል!»

እንደረጠበ ከቀለጠው ሬንጅ ጋር ለወሰው። ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወርድ፣ ሸንተረሩ ላይ ቀበረው። ከዚያ «ነዳጅ ያዘለ ጥቁር አሸዋ ተገኘ» ብሎ ወደ ጎንደር ላከ።

በአሥረኛው ቀን አቶ ወልደ ገብርኤል የሚባል የማዕድን አዋቂ በማኪና መጣ። አገሬው ተሰበሰበ። ክንዱም በዚያው ጧት ከጎንደር ተመልሶ፣ የበቅሎው ላብ ሳይደርቅ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። አድማሴን ደስ አለው።

አዋቂው አሸዋውን ድስት ውስጥ ከቶ፣ ውሃና ትንሽ ሶዳ ጨምሮ ጣደው።

«አታላይ አይጠፋም» አለ። «ሬንጅ ደረቅ አሸዋ ካገኘ ሙጭጭ ይላል፤ ቢቀቅሉትም አይለቅም። የተፈጥሮው ግን እያንዳንዱን ቅንጣት ውሃ ቀድሞ አልብሶታል። ሬንጁ ያረፈው ከውሃው ልብስ ላይ ስለሆነ ሲሞቅ ለቆ ይንሳፈፋል። ካልለቀቀ፣ የቀበረውን ሰው ይዤ እሄዳለሁ።»

አድማሴ ከሰዉ ኋላ ፈቀቅ አለ።

ድስቱ ፈላ። ጥቁሩ ቅባት ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ አሸዋው ታጥቦ ከሥር ቀረ።

«እውነተኛ ነው!» አለ አዋቂው።

«ሸጋ!» አለ ክንዱ፣ ፊቱ እየፈካ።

አብዷል፣ አለ አድማሴ በልቡ።

አዋቂው ደብተሩን ገለጠ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን መሬት ማንም አያርሰውም። ባለቤቱ ማን ነው?»

«ክንዱ ነው!» አለ አድማሴ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው። «በፍርድ ረትቶኛል፤ አገር ያውቃል!»

ክንዱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከብብቱ አወጣ።

«ኧረ ምነው አያ አድማሴ፣ ይግባኙ እኮ ትናንት ላንተ ተፈረደ።»