የተገለበጠው ጃርት

ተመራማሪዋ የባሕር ጃርቱን፣ ያን ክብ እሾሃም የባሕር እንስሳ፣ ገንዳው ውስጥ በጀርባው ገለበጠችው። ባሕሩ ወደፊት ሊሞቅ የሚችለውን ያህል በሞቀ ውሃ ነበር ያሳደገችው፤ ራሱን ካቃና ሙቀቱን ለምዷል፣ ካልቻለ ግን የዓመታት ልፋቷን ውሃ በላው። እሾሁ አልነቃነቅ አለ።

«ምን በደለሽ ልጄ?» አሉ ሊጠይቋት የመጡት እናቷ፣ ሊያቃኑት እጃቸውን እየሰደዱ።

ውሃው ውስጥ እጃቸውን ያዘች። «እማዬ፣ ተዪው! ራሱ ይነሳ።»

«አንጀት የለሽም?»

ዓይኗን ከጃርቱ ሳትነቅል ራሷን ጠየቀች፤ ለዚህ ነበር ያን ሁሉ ዓመት ሰው አገር የተማረችው? ያኔ አንድ እሾህ ተነቃነቀ። ክር የመሰሉት እግሮቹ የገንዳውን ወለል ጨበጡ፤ ጃርቱ ቀስ እያለ ዘመም አለና ተቃንቶ ቆመ።

«እሰይ የኔ ጀግና!» እናቷ እጇን አልለቀቁም። ገንዳው ውስጥ ወዳለው ሌላ ጃርት በአገጫቸው ጠቆሙ። «በይ እስቲ፣ ያንንም ገልብጪው።»