የዕለቱ ገደብ

ኤቲኤም ገንዘብ ባወጡ ቁጥር ክፍያ ይቆርጣል በሚል ሰበብ፣ የባሌን የሰላህን የቅድመ ክፍያ ካርድ የምይዘው እኔ ነኝ። እውነቱ ግን ቅናት ነው። ዛሬ ጣና ዳር ባለው ማሽን ካርዱን ብከተው፣ «የዕለቱን ገደብ ጨርሰዋል» አለኝ።

«ማን አወጣው?» ብዬ ጥበቃው ላይ ጮኽሁ።

ያውቀኛል፤ ሳቀ። «እርስዎ ነዎት እንጂ! አሁን ከባለቤትዎ ጋር እየተሳሳቁ መጥተው፣ አውጥተው ወደ ሐይቁ አልወረዱም?»

ሰላህ ከእኔ ጋር ከሳቀ ስንት ጊዜው!

ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። ጀልባ ላይ ከአንዲት ሴት ጎን ተቀምጧል። የማየው ጀርባዋን ነው። ጧት የተከናነብሁትን አረንጓዴ ሻርፕ የመሰለ ገዝቶላታል።

እንዳላንስባት የራሴን ሻርፕ ላስተካክል ብዬ እጄን ወደ ራሴ ሰደድሁ።

እጄ ባዶ ፀጉሬን ነካ።